በገዛ እጅ የተበየደ

ቢባሽ ፓክራሺ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ቦርድ፣ ቺፕና ሽቦ የሚበየድበትን ሰሌዳ፣ ገልብጦ ሲያይ ኖሯል፤ አይቶም ዝም ብሎ አያውቅም። ምላሱ አይጣል ነው። "ይሄ ብየዳ ነው ንፍጥ?" ይል ነበር፣ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ። የቦርዱ ባለቤት ፊቱ ደም ሲለብስ እሱ ሙሪውን፣ ያንን የፈነዳ ሩዝ፣ በሰናፍጭ ዘይት አሽቶ እየቃመ ይቀጥላል፦ "እጅህን ላም ረግጣህ ነው የመጣኸው? ወይስ ስትወለድም እንዲሁ ነበር?" ቤቱ በሳቅ ያውካካል። የተሰደበውም አብሮ ይስቃል፣ ምን ያድርግ።

ስድቡን የሚችሉት ወደው አይደለም። እነዚህ ሰዎች ሲንተሳይዘር የሚባለውን፣ ከኤሌክትሪክ ዜማ የሚያወጣውን መሣሪያ፣ ከሱቅ ገዝተው አይጫወቱም፤ ቺፑን ከዚህ፣ ሽቦውን ከዚያ ለቃቅመው ራሳቸው ይሠሩታል። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ማኒክታላ ባለው የሻሻንካ አሮጌ ማተሚያ ቤት ይሰበሰባሉ። በካልካታ ከተማ እዚያ ግድግዳ ላይ ስሙ የተጻፈለት ሰው የሚኮራውን ኩራት ሚኒስትር አይኮራውም። ከሁሉም ስም በላይ፣ ከጣሪያው ሥር የተጻፈው የቢባሽ ስም ነው።

ሕጉ አንድ ነው፣ ያወጣውም ራሱ ቢባሽ ነው፦ በገዛ እጅህ ያልበየድከውን አትጫወትም። ለዚህ ነው አዲስ መሣሪያ ይዞ የመጣ ሰው፣ አንድም ድምፅ ሳያሰማ፣ ጀርባውን ፈትቶ ቦርዱን ለተሰበሰበው ሰው የሚያስተላልፈው። ቦርዱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ነገሩ ያጠራጠረ እንደሆነ ባለቤቱ ሰው ሁሉ ፊት ተቀምጦ አንድ ቺፕ ይበይዳል፤ በዕድሜ የስብስቡ ታላቅ የሆነው ሰው መብራት ይይዝለታል። ያለፈ ስሙ ይጻፋል፤ የወደቀ ይሰረዛል።

የተሰረዘ አንድ ሰው ብቻ ነው። ኒርማሌንዱ ይባላል፤ የቢባሽ የልጅነት ጓደኛ ነበር። ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው የእህቱ ልጅ በየደለትና ያንን ይዞ መጣ። ቢባሽ በአንድ እይታ አወቀበት። መብራቱን ራሱ ያዘለትና "በይድ" አለው። ሰውየው ሦስት ጊዜ ጣቱን አቃጠለ፣ አራተኛው ላይ አለቀሰ። ቢባሽ ጥቁር ቀለም አምጥቶ በገዛ እጁ ስሙን ሰረዘውና "ሕግ ነው ወንድሜ" ብሎ ሙሪ አቀረበለት። ይታያችሁ፣ ሙሪ! ኒርማሌንዱ ከዚያ ወዲህ በማኒክታላ በኩል አላለፈም።

እንግዲህ ይሄው ቢባሽ ነው ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ሻይ ሲጠጣ ስኒው ከማስቀመጫው ጋር ሲንቀጫቀጭ የሰማው። መጀመሪያ ትራም የሚያልፍ መሰለው። ትራም አልነበረም፤ ቀኝ እጁ ነበር። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገረው፣ ክኒን ጻፈለት፣ "እየባሰ ነው የሚሄደው" ብሎም አስረግጦ ነገረው። ቢባሽ ለነፍስ አባት እንኳን የሚነገር አይደለም ብሎ ዋጠው። ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። በግራ እጅ መብላት ነውር ስለሆነም ሙሪ መብላት ተወ፤ "ሆዴን እየነፋኝ ነው" አለ።

እጁ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ቺፖቹም አነሱ። ድሮ ቺፕ ማለት ረጃጅም እግር ያለው፣ እግሩን በቦርዱ ቀዳዳ አሳልፈህ ከሥር የምትበይደው፣ ወፈር ያለ፣ ደህና ነገር ነበር። ፋብሪካዎቹ እሱን መሥራት አቆሙ። ቻንድኒ ገበያ "ኦሪጅናል ነው፣ በልጆቼ እምላለሁ" እየተባለ የሚሸጠው የላዩን ጽሑፍ ፍቀው ሌላ ስም ያተሙበት ሆኖ ተገኘ፤ ቢባሽ ሦስት ገዝቶ ሦስቱም ዱዳ ወጡ። እውነተኛው አሁን የሚመጣው በትንሿ ነው፦ ምስር ክክ የምታክል፣ እግሮቿ እንደ ሽፋሽፍት የቀጠኑ፣ ቀዳዳ የማትፈልግ፣ ቦርዱ ፊት ላይ ተለጥፋ የምትበየድ። ቢባሽ መጀመሪያ ሲያያት "ይቺ ቺፕ ናት ቁንጫ? ለሞባይል ጠጋኞች ተዉላቸው እንጂ!" ብሎ ነበር። ስብስቡ ግን አንድ በአንድ ወደ እሷ ዞረ። እሱ አንድ ዓመት ሙሉ ባዶ እጁን ሲመጣ ሻሻንካ፣ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ እሱም ምላሱ ቀላል ያልሆነ፣ "ቢባሽዳ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ጡረታ ወጡ እንዴ? ስምዎን ወደ ታች እናውርደው?" አለው። ሰው ሳቀ። ቢባሽም ሳቀ፣ ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደውም።

ሰኞ ዕለት ቦርዱን በጣፋጭ ካርቶን ደብቆ ቻንድኒ ገበያ ሦስተኛው መተላለፊያ ገባ። እዚያ ሊፒካ የምትባል ሞባይል ጠጋኝ አለች፤ ሱቋ ከአንድ ጃንጥላ አይሰፋም። ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ፣ ማይክሮስኮፗ ላይ አጎንብሳ፣ ሰው ሲያናግራት ቀና ሳትል የምትመልስ ልጅ ናት።

"የወንድሜ ልጅ ነው የሚፈልገው" አላት ቢባሽ። "ይቺን ቺፕ ትበይጂለታለሽ?"

"የወንድምዎ ልጅ እጁ የለም?"

"ፈተና ላይ ነው።"

ልጅቷ ካርቶኑን ከሁለቱም እጁ ስትቀበል ካርቶኑ ሲንቀጠቀጥ አየች። ያኔ ነው ቀና ያለችው። ቀኝ እጁ የተመለሰበትን ኪስ አየች፣ ፊቱን አየች፣ ሥራዋን ጀመረች። በአሥር ደቂቃ ጨርሳ ሰጠችው። ቢባሽ አጉሊ መነፅሩን አውጥቶ አየና ክፉ የሚናገርበት ነገር አጣ፤ በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

"ስንት ነው?" አለ።

"ገንዘቡ ይቅር። ይሄ ነገር እንዴት እንደሚዘፍን ያስተምሩኝ። ደግሞ ዳዳ፣ የወንድም ልጅ የለዎትም አይደል?"

"የለኝም" አላት።

ውሉ ይኸው ነው። ሁለት ዓመት እሷ በየደችለት፣ እሱ አስተማራት። እውነቱን እንናገር ከተባለ ማስተማሩን ወደደው። የመጀመሪያ ድምፅዋን ያወጣች ቀን "ኸረ እንደ ፍየል ነው የሚጮኸው!" ብላ እየሳቀች ስታጨበጭብ የጎረቤት ጠጋኞች ተሰበሰቡ፤ ቢባሽ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ግን "ስብስቡ ጋ መቼ ነው የሚወስዱኝ?" ስትለው "ገና ነሽ" ይላታል። በስድስት ወሯም ገና፣ በዓመቷም ገና። ገና እንዳልሆነች ከማንም በላይ እሱ ያውቃል።

እሱ በበኩሉ እሷ የበየደችውን ቦርድ ይዞ ማኒክታላ ይገባል። ያለፈው ዓመት ቦርዱ ሲዞር ሰዉ አፉን ያዘ። ጎፓ፣ የፊዚክስ አስተማሪዋ፣ መነፅሯን አውልቃ ደግማ አየችው።

"ያለ ማጉያ ነው?" አለችው።

"በዓይኔ ብቻ" አለ ቢባሽ፣ ሳያፍር።

"በስልሳ አራት ዓመትዎ!" ብለው አጨበጨቡለት። እሱም አጎንብሶ ጭብጨባውን ተቀበለ።

ነገሩ እንዲህ ተሸፋፍኖ ይኖር ነበር፣ የጎፓ ስልክ ባይሰበር። ጎፓ ስልኳን ልታሠራ ሊፒካ ጋ ሄደች፣ መደርደሪያው ላይ ልጅቷ ለራሷ የሠራችውን ሲንተሳይዘር አየች፣ "ማን ሠራው?" አለች፣ "እኔ" ተባለች። "ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ቅዳሜ ይዘሽው ነይ እንጂ!" አለቻት። አለቀ። ሊፒካ ከእጇ ሥራ ጋር፣ ከቢባሽም ምስጢር ጋር ወደ ማኒክታላ ልትመጣ ሆነ።

ዓርብ ቢባሽ በዝናብ ሱቋ ድረስ ሄደ።

"ቅሪ" አላት።

"ለምን ሲባል?"

"የአንቺን ብየዳ የኔን ቦርድ ያየ ሰው ያውቀዋል። የመጀመሪያዋ እግር ላይ የምትተያት ጠብታ..." አላት። ሞባይል ጠጋኞች ቺፑ እንዳይንሸራተት መጀመሪያ አንዷን እግር ይቸነክራሉ፤ ሊፒካም እዚያች እግር ላይ ከሌሎቹ ወፈር ያለች የሊድ፣ የሚበየድበት የቀለጠ ብረት፣ ጠብታ ትተዋለች። እጇ ስለለመደ ሳታስበው ነው የምታደርገው።

"እኔ አልናገርም" አለች ሊፒካ። "እርስዎ አስተማሩኝ፣ እኔ አልክድዎትም። አፌን ይቁረጠው። ግን ዳዳ፣ ሁለት ዓመት ጠበቅኩ። ስሜ እዚያ ግድግዳ ላይ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ እሱን ብቻ ነው።"

"የኔስ ስም?"

"የእርስዎን ማን ይነካዋል?" አለችና ሳቀች። እውነት ነበር የመሰላት።

ቅዳሜ ዝናቡ የማተሚያ ቤቱን ቆርቆሮ ይወቅጠዋል። አሥራ አንድ ሰው ተሰብስቧል። ሊፒካ አዲስ ቢጫ ሳሪ ለብሳ፣ መሣሪያዋን በፎጣ ጠቅልላ መጣች። አራት ብሎን ፈታች፣ ቦርዱን አወጣች፣ በቀኟ ላለው ሰው ሰጠች። ቦርዱ ዞረ። ቦርዱ ሻሻንካ እጅ ሲደርስ ቆመ። ሻሻንካ ወደ መስኮቱ ወሰደው፣ አዘነበለው፣ አፍንጫው ድረስ አስጠጋው።

"ወይ ጉድ" አለ። "ይሄን እጅ አውቀዋለሁ። ጎፓ፣ ይቺን ጠብታ እያት። ባለፈው ዓመት የማን ቦርድ ላይ ነው ያየናት?"

ጎፓ አየች። ቀስ ብላ ወደ ቢባሽ ዞረች። "ቢባሽዳ... ይሄ የእርስዎ ብየዳ ነው።"

ቢባሽ በልቡ "አለቀልኝ" አለ። ከዚያ ነገሩ ገባው፤ ሰዎቹ የተሳሳቱት በሌላ በኩል ነው። እሱ ለእሷ የበየደላት ነው የመሰላቸው! ሌባዋ እሷ፣ የተሰረቀው እሱ። አምላክ ይይለት፣ በዚያች ቅጽበት ሰውየው የተሰማው ሐፍረት አይደለም፣ እፎይታ ነው።

ሊፒካ አየችው። አንድ ቃል ነው የጠበቀችው፤ "የእሷ ነው" የምትል አንዲት ቃል። አንድ ዓመት ሲያጨበጭቡለት የነበሩ አሥር ጥንድ ዓይኖችም አዩት።

"ምን ላድርግ" አለ ቢባሽ፣ እየተነፈሰ። "ለመነችኝ። ድሃ ናት፣ አንጀቴን በላችው። ጥፋቱ የኔም ነው።"

"ኸረ ተይ አንቺ ሴትዮ!" አለች ጎፓ፣ በቁጣ ፊቷ ተለዋውጦ። "እኔን ዓይኔ እያየ 'እኔ ሠራሁት' አላልሽኝም?"

"ሞባይል ጠጋኝ አይደለች?" አለ አንዱ ከኋላ። "የሰው ዕቃ መክፈት ልማዷ ነው፤ የእጅ ሥራውንም አብራ ወሰደችው።" ሳቁ። ሌላው "ቢጫ ሳሪዋን ለብሳ፣ ሙሽራ መስላ!" አለ፤ አሁንም ሳቁ። ሊፒካ የፎጣውን ጫፍ ጨምድዳ ይዛ ቆማለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ቢባሽ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ስሙ አየ።

"ሕጉ ፈተና አለው አይደል?" አለች ልጅቷ። ድምፅዋ እንደሚሰበር ሰው ድምፅ አልነበረም። "ይፈትኑኝ።"

"ተዪው ልጄ" አለ ቢባሽ ፈጠን ብሎ። "ሰው ፊት አትዋረጂ። ዕቃሽን ይዘሽ ሂጂ፣ እኛም እንረሳዋለን።"

"የለም የለም" አለ ሻሻንካ፣ እጁን እያፋተገ። ደስ ብሎታል፤ እንዲህ ያለ ቅዳሜ ከኒርማሌንዱ ወዲህ አላየም። "ሕግ ሕግ ነው ዳዳ፣ የራስዎ ሕግ። ትቀመጥ።"

ጠረጴዛው ተጠረገ። ባዶ ቦርድ፣ አንዲት ባለ አሥራ አራት እግር ቺፕ፣ ወረንጦ፣ የሻሻንካ ወፍራም መበየጃ ቀረበ። ሊፒካ ከቦርሳዋ አጉሊ መነፅር ልታወጣ ስትል "ቢባሽዳ በዓይናቸው ብቻ ነው የሚበይዱት!" ብለው ጮኹባት፤ መነፅሩን መለሰችው። መበየጃው እስኪሞቅ ጠበቀች። ሻሻንካም የማተሚያ ቤቱን መብራት፣ ያንን ረጅም የብረት እጀታ ያለውን፣ ከነገመዱ አምጥቶ ለቢባሽ ዘረጋለት።

ይሄን ቢባሽ አላሰበውም ነበር። ሁሉን አስቦ፣ ልጅቷን ሸጦ፣ ይሄን ረሳው። መብራቱን የሚይዘው ታላቁ ነው።

"ጎፓ ትያዘው" አለ።

"ኧረ ዳዳ! እርስዎ እያሉ?"

በግራው ተቀበለ። እጀታው ከባድ ነው፤ ግራው ብቻውን አልቻለውም፣ መብራቱ ወደ ታች ዘመመ። ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣና ደገፈው። ጥርሱን ነከሰ። በሆዱ እየለመነ ነበር፣ ማንን እንደሆነ እንጃ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ እያለ።

ሊፒካ ቺፗን በወረንጦ አነሳች፣ አስቀመጠች፣ የመጀመሪያዋን እግር ቸነከረች። ሁለተኛዋን። ሦስተኛዋን። ከዚያ መበየጃውን አነሳች።

"መብራቱ" አለች።

"ምን ሆነ?" አለ ሻሻንካ።

"አልቆመልኝም።"

አሥሩም ሰው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርሃን አየ። ብርሃኑ ይዘላል። ከቦርዱ ወደ ወረንጦው፣ ከወረንጦው ወደ ልጅቷ ጣት፣ ተመልሶ ወደ ቦርዱ። ዓይናቸው ከብርሃኑ ወደ አምፖሉ፣ ከአምፖሉ በእጀታው ሽቅብ ወጥቶ ቢባሽ እጅ ላይ ደረሰ። ማንም አልሳቀም።

"ሙቀቱ ነው" አለ ቢባሽ። "ዛሬ ሻይም አልጠጣሁ።"

ሻሻንካ መብራቱን ከእጁ ወሰደ። ቢባሽ እጁን ወደ ኪሱ ሊመልስ ሲሞክር የኪሱን አፍ ሁለቴ ሳተው። ሊፒካ ቀና ብላ አላየችውም። የቀሩትን አሥራ አንድ እግሮች አንድ በአንድ በየደች፣ በጋለው መበየጃ ላይ እፍ ሳትል፣ ሳትቸኩል፣ በዓይኗ ብቻ። ስትጨርስ ቦርዱን ለጎፓ ገፋችላት። ጎፓ አየችው። የመጀመሪያዋ እግር ላይ ጠብታዋ አለች።

ጎፓ ተነሳች። ጥግ ላይ የተቀመጠውን የቢባሽን መሣሪያ፣ ያንን ሲያጨበጭቡለት የነበረውን፣ አምጥታ ብሎኑን ፈታች። ሦስት ቦርድ ጎን ለጎን ተደረደረ፦ የእሷ፣ የእሱ፣ አሁን የተበየደው። ሦስት ጠብታ፣ አንድ እጅ።

"በዓይኔ ብቻ፣ አሉ" አለ ሻሻንካ ለራሱ በሚመስል ድምፅ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረ። "አንቺስ ለምን አልተናገርሽም?"

"አልናገርም ብዬ ስለማልኩላቸው" አለች ሊፒካ።

ይሄን ጊዜ ቢባሽ ደጁን አየ። በሩ ስድስት እርምጃ ነው። ተነስቶ ቢሄድ ማንም አይዘውም ነበር፤ ግን ከዚያ በር ወዲያ ያለው ኑሮ ምን እንደሚመስል ያውቃል፣ ኒርማሌንዱን አይቷል። "ጓዶች" አለ፣ "ሃያ ሁለት ዓመት ነው። ይቺን ቤት ማን አቆማት? ታምሜ ነው፣ ሐኪም ቤት..."

"ኒርማሌንዱስ?" አለች ጎፓ። "የእሱስ ዓይን ጤነኛ ነበር?"

ሻሻንካ አዲስ ባዶ ቦርድ አወጣ። አዲስ ቺፕ አስቀመጠ። ወንበሩን ከጠረጴዛው ሳበና በመዳፉ አቧራውን ጠረገለት፣ እንደ እንግዳ። "ሕግ ነው ወንድሜ" አለው፤ 'ዳዳ' አላለውም። "ይበይዱ።"

ቢባሽ ተቀመጠ።

"መብራቱንስ ማን ይያዝ?" አለ ከኋላ የነበረው ሰውዬ። "ታላቁ ተፈታኝ ሆነ።"

"እኔ እይዝላቸዋለሁ" አለች ሊፒካ።

እጀታውን ከሻሻንካ ተቀበለችና ከቢባሽ ትከሻ አጠገብ ቆመች። ስንት ዓመት በማይክሮስኮፕ ሥር የኖረ እጅ ነው፤ ብርሃኑ ቦርዱ ላይ ተቀመጠ፣ ንቅንቅም አላለ። ቢባሽ መበየጃውን በቀኝ እጁ አነሳ። ጫፉ ቦርዱን ሲነካ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፤ አሥራ አንድ ሰው ቆሞ ቀጭ ቀጩን ይሰማል። ግራ እጁን ደረበበት፤ ድምፁ ባሰ። ላቡ ቺፗ ላይ ጠብ አለ።

"ሊፒካ" አላት በሹክሹክታ፣ ሳይዞር። "ልጄ። ትንሽ ዘወር አድርጊው። ሰው አይየው።"

መብራቱን ዝቅ አድርጋ አቀረበችው። የእጁ ደም ሥር፣ የጥፍሩ ቆሻሻ፣ ሁሉም ወጣ።

"አሁን ይታያል ዳዳ?"

የመጀመሪያዋ እግር ላይ ሊዱ ቀለጠ፣ ፈሰሰ፣ ከጎረቤቷ ጋር ተጣበቀ፤ ቦርዱ ላይ ያለችው ስስ መዳብ ተቃጥላ ተላጠች። ጭሱ ሽቅብ ወጣ። ጎፓ ፊቷን አዞረች። "ይበቃዋል፣ በናታችሁ" አለች። ሻሻንካም ጥቁሩን ቀለም ሊያመጣ ተነስቶ ነበር።

"ገና ነው" አለች ሊፒካ። መብራቱ አልተንቀሳቀሰም። "ይቀጥሉ ዳዳ፣ አሥራ ሦስት እግር ይቀራል።"